በቃል ያለ ይረሳል፣ በመታወቂያ ያለ ይወረሳል

በኤፕሪል 1994 በሩዋንዳ መንገዶች ላይ ኬላ የዘረጉት ሚሊሻዎች ከመንገደኛው መጀመሪያ የሚጠይቁት መታወቂያ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሚፈልጉት ስሙን አልነበረም። ዓይናቸው በቀጥታ የሚያርፈው «ኡብዎኮ» በሚለው መስመር ላይ ነው። መስመሩ ባለ መታወቂያው ሁቱ፣ ቱትሲ ወይም ትዋ መሆኑን ይናገራል። «ቱትሲ» የሚል የተገኘበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ኬላ አላለፈም። በመቶ ቀናት ገደማ ውስጥ ከ800,000 በላይ ሰው ተገደለ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። «ኡብዎኮ» የሚለው የኪኛሩዋንዳ ቃል በጥንቱ ትርጉሙ ሁቱን ከቱትሲ የሚለይ ቃል አልነበረም። ጎሳ ማለት ነበር። ሩዋንዳውያን ሃያ ገደማ ጎሳዎች ነበሯቸው፤ አባሲንጋ፣ አባዚጋባ፣ አባጌሴራ፣ አቤጋ፣ አባኒጊኛ እያሉ ይቆጥሯቸዋል። በአንዱ ጎሳ ውስጥ ሁቱም፣ ቱትሲም፣ ትዋም ይገኝ ነበር። ሰው «ኡብዎኮህ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው ሁለቱ ወገኖች በጋራ የሚጠሩበትን ስም ነበር። የቅኝ ግዛት አስተዳደር ይህንኑ የሚያገናኝ ቃል ወስዶ የሚለያይ አደረገው። ቅኝ አገዛዝ የአንድን ሕዝብ አኗኗር እንዴት እንደሚለውጥ ለመረዳት ከዚህች ቃል ታሪክ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

ከነጮቹ በፊት ገነት አልነበረም

ከቅኝ ግዛት በፊት ሩዋንዳ ሰላምና እኩልነት የሰፈነባት አገር ነበረች ማለት ስህተት ነው። ንጉሥ (ምዋሚ)፣ መኳንንትና ገባር ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኃያል የነበረው ንጉሥ ርዋቡጊሪ ግዛቱን በጦርነት አስፍቷል፤ «ኡቡሬትዋ» የተባለው፣ ገበሬው ለመሬት አለቃው በነጻ የሚሠራበት ግዴታ የተስፋፋውም በእሱ ዘመን ነው። ሸክሙ የወደቀው በሁቱ ገበሬዎች ላይ ነበር። ልዩነቱ ነበረ፤ ቅሬታውም ነበረ።

ነገር ግን ልዩነቱ በር ነበረው። ከብት ያፈራና በቤተ መንግሥት ዘንድ ሞገስ ያገኘ ሁቱ በጊዜ ሂደት ቱትሲ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ለዚህም «ክዊሁቱራ» የሚባል ቃል ነበራቸው፤ ሁቱነትን አውልቆ መጣል እንደማለት ነው። ከብቱን ያጣ ቱትሲም በተቃራኒው ይወርድ ነበር። ይህ በየቀኑ የሚሆን አልነበረም፤ ግን ይሆን ነበር። ቋንቋቸው አንድ፣ አምልኳቸው አንድ፣ የሚኖሩበት ኮረብታም አንድ ነበር።

ሌላም መተንፈሻ ነበር። በአንድ አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት አለቆች ይሾሙ ነበር፤ አንዱ ለእርሻ መሬት፣ አንዱ ለግጦሽ፣ አንዱ ለጦር። አንዱ አለቃ ያስጨነቀው ገበሬ ወደ ሌላው ሄዶ ይጠለላል፣ አንዱን በሌላው ይከሳል። ሥርዓቱ ለፍትሕ ተብሎ የተሠራ ባይሆንም ደካማው የሚሾልክበት ክፍተት ነበረው።

አገሩን ሳይረግጥ የተጻፈ ታሪክ

እንግሊዛዊው አሳሽ ጆን ሃኒንግ ስፒክ በ1863 ባሳተመው መጽሐፍ በታላላቅ ሐይቆች አካባቢ ያያቸው ነገሥታት ከአቢሲኒያ የመጡ ወራሪዎች ዘር ናቸው የሚል ግምት አስፍሯል። ስፒክ ሩዋንዳን አልረገጣትም። ማስረጃውም የሰዎች መልክ ነበር። በጊዜው የአውሮፓ አስተሳሰብ፣ በአፍሪካ መካከል የተደራጀ መንግሥት ከተገኘ ከሌላ ቦታ የመጣ «የተሻለ ዘር» ሠርቶት መሆን አለበት። ኋላ ላይ የመጡት ጀርመኖች፣ ሚሲዮናውያንና ቤልጅየሞች ይህን ግምት እንደ ሳይንስ ተቀበሉት። ቱትሲ ለመግዛት የተፈጠረ መጤ፣ ሁቱ ለመገዛት የተፈጠረ ነባር ተባለ።

ጀርመኖች በቁጥር ጥቂት ስለነበሩ በንጉሡ በኩል መግዛትን መረጡ። በ1916 አገሩን የያዙት ቤልጅየሞች ግን እጃቸውን አስገቡ። ከ1926 ጀምሮ የሦስቱን አለቆች ሥርዓት አፍርሰው ሁሉንም ሥልጣን ለአንድ ሹም ሰጡ። በወረቀት ላይ የአስተዳደር ማሻሻያ ነበር። ለገበሬው ግን የሚሾልክበት ክፍተት መደፈን ነበር። አለቃ የነበሩ ሁቱዎች ተሻሩና ሹመቱ ከሞላ ጎደል የቱትሲ ሆነ። በ1959 ከ45 ሹማምንት 43ቱ፣ ከ559 ምክትል ሹማምንት ደግሞ 549ኙ ቱትሲዎች ነበሩ።

ይህ ሲባል ቱትሲ ሁሉ ጌታ ሆነ ማለት አይደለም። አብዛኛው ቱትሲ እንደ ጎረቤቱ ድሃ ነበር። ሹሙም ቢሆን የቅኝ ገዢው ተላላኪ ነበር፤ የተጠየቀውን ግብርና ጉልበት ካላመጣ ይሻራል። ገበሬው ግን የሚያየው አለንጋ የያዘውን ሹም እንጂ ከበስተጀርባው ያለውን ቤልጅየማዊ አይደለም። መንገድ ሥሩ፣ ቡና ትከሉ፣ ግብር በገንዘብ ክፈሉ የሚለው ትእዛዝ ሁሉ የሚደርሰው በሹሙ አፍ ነበር። የግዳጅ ሥራው «አካዚ» ይባል ነበር። ዛሬ በኪኛሩዋንዳ «አካዚ» ማለት በቀላሉ ሥራ ማለት ነው። ብዙዎች ከዚህ ሸሽተው ወደ ኡጋንዳ ተሰደዱ።

ንጉሥና በዓሉ

የተለወጠው አስተዳደሩ ብቻ አልነበረም። የሩዋንዳ ዘመን መቁጠሪያ ትልቁ በዓል «ኡሙጋኑራ» ነበር፤ የአዲሱ እህል፣ የማሽላና የዳጉሳ በዓል። ንጉሡ የመጀመሪያውን እህል ሳይቀምስ ሕዝቡ አይቀምስም። ሁቱም ቱትሲም ንጉሡን የጋራ የሚያደርጉት በዚህ ሥርዓት ነበር። ቤልጅየሞች በ1925 በቤተ መንግሥት የሚፈጸመውን ሥርዓት አስቀሩት፤ የሥርዓቱን ጠባቂ ጋሻሙራንም ወደ ብሩንዲ አጋዙት።

ንጉሥ ዩሂ ሙሲንጋ ለመጠመቅ እንቢ አለ። በ1931 ከዙፋኑ ተነሥቶ ተጋዘ፤ የሞተውም በኮንጎ በስደት ነው። በምትኩ ልጁ ሩዳሂግዋ ነገሠ፤ እሱም በ1943 ተጠመቀ። የሹማምንት ልጆች ሹመት የሚገኘው በሚሲዮን ትምህርት ቤት በኩል መሆኑን ስላወቁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ጎረፉ። ሕዝቡን ከንጉሡ ጋር ያስተሳሰረው ገመድ በዚህ ሁኔታ ተበጠሰ። የቀረው ሹመትና ግብር ነው።

መስመሯ

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቤልጅየሞች ሕዝቡን ቆጥረው መታወቂያ አደሉ። አሥር ከብት ያለው ሁሉ ቱትሲ ተብሎ ተመዘገበ የሚለው ወሬ በሰፊው ይነገራል፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ይህን ይጠራጠሩታል። ብዙው ምዝገባ ሰዎቹ ራሳቸው በተናገሩትና በሚሲዮናውያን መረጃ ላይ የተመሠረተ ነበር። ዋናው ነገር የተመዘገቡበት መንገድ አይደለም። ዋናው ከተመዘገበ በኋላ መለወጥ አለመቻሉ ነው። ልጅ የአባቱን መስመር ይወርሳል። ከብት ቢያፈራም ሁቱ ነው፤ ቢደኸይም ቱትሲ ነው። «ክዊሁቱራ» የሚለው ቃል የሚገልጸው በር ተዘጋ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል የሚነገረው ለጽሑፍ ምስጋና ነው። በሩዋንዳ ግን ይህ እውነት ሌላ ፊት ነበረው። በቃል የነበረው ማንነት በትዳር፣ በሀብት፣ በጊዜ ብዛት ይለሰልስ፣ ይረሳም ነበር። የተጻፈው ግን ተወረሰ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ቀጥሎ የመጣው ነው። በ1957 ግሬጎዋር ካይባንዳን ጨምሮ ዘጠኝ የሁቱ ምሁራን የአገሪቱን የሥልጣንና የትምህርት ክፍፍል የሚተች ሰነድ አወጡ። በሰነዱ ውስጥ የዘር መጠሪያው ከመታወቂያ እንዳይወጣ ተቃወሙ። ምክንያታቸው ውሃ የሚቋጥር ነበር፤ መስመሩ ከጠፋ በማን ላይ አድልዎ እንደተፈጸመ ማሳየት አይቻልም። የተበደለው ወገን የበደሉን መሣሪያ ለመብቱ ማስረጃ አድርጎ ያዘው። በ1962 ነጻነት ሲመጣ ቤልጅየም ሄደች፤ መታወቂያው ግን ቀረ። የካይባንዳም፣ ከእሱ በኋላ የሃቢያሪማናም መንግሥት መስመሯን ሳይነካት ለ32 ዓመታት ተጠቀመባት፤ በትምህርት ቤትና በሥራ ኮታ ሰውን ለመመዘን ጠቀመች። በመጨረሻም ኬላ ላይ።

የስፒክ ግምትም አብሮ ኖረ። በኖቬምበር 1992 ፖለቲከኛው ሌዎን ሙጌሴራ ካባያ በተባለ ቦታ ባደረገው ንግግር የቱትሲዎች አገር ኢትዮጵያ እንደሆነችና በኛባሮንጎ ወንዝ በኩል በአጭሩ እንደሚሸኙ ተናገረ። በ1994 አስከሬኖች በኛባሮንጎና በአካጌራ ወንዞች ተንሳፍፈው ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሱ። አንድ አሳሽ የሰው ፊት አይቶ የጻፈው ግምት ከ130 ዓመት በኋላ የኢትዮጵያን ስም ይዞ የሞት ትእዛዝ ሆነ። ይህን ያደረጉት ቤልጅየሞች አልነበሩም፤ ገዳዮቹ ሩዋንዳውያን ናቸው፤ ኃላፊነቱም የእነሱ ነው። ቃሉን፣ ካርታውንና መታወቂያውን ግን ያገኙት ተሠርቶ ነው።

የተሰረዘ መስመር

ከጭፍጨፋው በኋላ መስመሯ ከመታወቂያ ወጣች። ኡሙጋኑራም ተመልሶ ዛሬ በየኦገስቱ ብሔራዊ በዓል ሆኖ ይከበራል። ጋቻቻ የተባለው ባህላዊ የሽምግልና ችሎትም ተሻሽሎ እስከ 2012 ድረስ የጭፍጨፋውን ወንጀሎች ሲዳኝ ቆይቷል። ሆኖም የተመለሰው ነገር የድሮው አይደለም። የዛሬው ጋቻቻ በመንግሥት ሕግ የቆመ ፍርድ ቤት ነበር፤ የዛሬው ኡሙጋኑራም ንጉሥ የለውም። ቅኝ ገዢ ያፈረሰው ባህል እንደ ነበረ አይነሣም፤ ተጠግኖ ነው የሚነሣው።

በኢትዮጵያም ለዓመታት የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ሲሞላ ኖሯል፤ ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ግን ይህን አይጠይቅም። ሁለቱ አገሮች ታሪካቸው የተለያየ ነው፤ አንዱን በሌላው ላይ መለጠፍ አይገባም። የ1957ቱ ክርክር ግን እዚህም ያለ ክርክር ነው። አንዱ ወገን መስመሩ ይጥፋ፣ ሰው ይገደልበታል ይላል። ሌላው መስመሩ ከጠፋ በደላችንን በምን እናስቆጥራለን ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

የሩዋንዳ ታሪክ ለዚህ ክርክር የሚያዋጣው አንድ መለኪያ ነው። ማንነት መኖሩ፣ መጠራቱም በራሱ አልገደለም፤ ሩዋንዳውያን ለዘመናት ተጠራርተውበታል። የገደለው ባለቤቱ ሊያሻሽለው የማይችል፣ ማንም መሣሪያ የያዘ ሰው ግን በአንድ እይታ ሊያነበው የሚችል ሲሆን ነው። እንዲህ ያለ መስመር ሲጻፍ መጠየቅ ያለበት ዛሬ ማን እንደሚጽፈው ብቻ አይደለም፤ ነገ ኬላ ላይ ማን እንደሚያነበውም ጭምር ነው።