ቤት፣ አክሲዮንና የዋጋ ንረት፦ ከ1967ቱ አዋጅ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ

ገንዘብ በረከሰ ቁጥር «ቤት ያለው አይከስርም» ማለት ልማዳችን ነው። ለመሆኑ ቤትን የዋጋ ንረት ጋሻ የሚያደርገው ምንድን ነው? ግድግዳው ወይስ ሕጉ?

አዲስ አበባ መልስ አላት። ከአብዮቱ በፊት ጥሪት ያለው ሰው ትርፍ ገንዘቡን ከሚያሳርፍባቸው ነገሮች አንዱ የሚከራይ ቤት ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለቦታው ካሣ አልተከፈለም፤ ዝቅተኛ ኪራዮችም ተቀነሱ። ወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ከዚያ በኋላ የቀበሌ ቤት ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ፈቀቅ አላለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ የዋጋ ንረት 44 በመቶ ሲደርስ ጋሻው በተከራዩ እጅ ነበር። ዳሩ ግን ኪራዩ ለጥገና አይበቃምና ጣራው ዛገ፣ ግድግዳው ዘመመ።

እዚህ አሜሪካ መንገዱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት ሕግ ሪት የሚባለውን የሪል ስቴት ኩባንያ ፈጠረ። ተራው ቆጣቢ አክሲዮን ገዝቶ የአፓርትመንትና የገበያ ሕንፃ ባለድርሻ ሆነ። ኩባንያው ግብር ከሚታሰብበት ገቢው ቢያንስ 90 በመቶውን ለባለአክሲዮኖች ያከፋፍላል። ዋጋ ሲንር ኪራይም ይጨምራልና ጋሻ ተባለ። ይሁንና በ2022 ንረቱ 9.1 በመቶ ደርሶ ወለድ ሲወደድ፣ የሪት አክሲዮኖች በዚያው ዓመት ወደ 25 በመቶ አሽቆለቆሉ። ጋሻው በረጅም ጊዜ እንጂ በየዓመቱ አይመክትም።

ሌላም ጥያቄ አለ። የኪራዩን ጭማሪ የሚከፍለው ማን ነው? ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበትን የአሌክሳንድሪያውን ሳውዘርን ታወርስ በ2020 አንድ ግዙፍ የሪል ስቴት ኢንቨስትመንት ድርጅት ገዛው። በአሌክሳንድሪያ የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ግን ከ2024 ጀምሮ ጭማሪው ከዋጋ ንረቱ ላይ 3 በመቶ ብቻ ነው፤ ቢበዛ ከ6 በመቶ አያልፍም። ከ23 ዓመት በታች የሆኑ ሕንፃዎች ነፃ ናቸው። ንረቱ አንድ ነው፤ ወንዙ ማዶና ማዶ ግን ሕጉ ሁለት ነው።

እንግዲህ የባለአክሲዮኑ መከታ ከተከራዩ ኪስ የሚወጣ ነው። ተከራይን የዘነጋ ሥርዓት አንድ ቀን 1967ን ይጠራል፤ ቤቱን የዘነጋ ሕግ ደግሞ የዛገ ጣራ ያወርሳል። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ጭማሪን በዓመት አንዴ፣ ያውም በተወሰነ መጠን ብቻ እንዲሆን ደንግጋለች። ይህ ሕግ ሁለቱን ሚዛን ላይ ያቆማቸው ይሆን? አክሲዮን የያዝንም ኪራይ የምንከፍልም ልብ እንበል።