ከሽንት ብልቃጥ ወደ ምራቅ

ሽንት ቤት ገብታችሁ ሰው አጠገባችሁ ቆሞ ቢያፈጥባችሁ ምን ይሰማችኋል? አሜሪካ ውስጥ ከሄሮይን ሱስ ለመላቀቅ የሚታከሙ ብዙ ሰዎች ይህን ለዓመታት ችለው ኖረዋል። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ሜታዶን የተሠራው በ1930ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ውስጥ ነው። በ1964 ኒውዮርክ ላይ ዶክተር ቪንሰንት ዶልና ዶክተር ማሪ ኒስዋንደር ለሄሮይን ሱሰኞች በየቀኑ እየለኩ ይሰጡት ጀመር። የ22 ታካሚዎችን ውጤትም በ1965 አሳተሙ። መድኃኒቱ የሄሮይን ዘመድ ነው፤ ግን ሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ይቆያል። በልኩ የወሰደው ሰው ሳይሰክርና ሳይንቀጠቀጥ ሥራው ላይ ይውላል።

ታዲያ ታካሚው በጎን ሄሮይን እንደማይወስድ በምን ይታወቃል? በ1971 የኒክሰን መንግሥት ከቬትናም የሚመለሱ ወታደሮችን ሽንት ማስመርመር ጀመረ። በ1972 ደግሞ የወጣው የሜታዶን ደንብ የሽንት ምርመራን በክሊኒኮቹ ግዴታ አደረገው። የሌላ ሰው ሽንት ይዞ የሚመጣ ሲበዛ፣ መላው ቆሞ ማየት ሆነ። ያገራችን ሰው «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» ይላል፤ ክሊኒኮቹ ተረቱን የሰሙ ይመስላል!

ምራቅ የመጣው ከዚህ ጣጣ ሊገላግል ነው። ጥጥ መሰል መምጠጫ ድድና ጉንጭ መካከል ለጥቂት ደቂቃ ይያዛል። ነርሷ ፊት ለፊት ታያለች፤ የሚያሳፍር ነገር የለም፣ ማጭበርበርም ይከብዳል። ሄሮይን ሲፈርስ የሚተወው ልዩ ምልክትም ምራቅ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ከሌላ ሞርፊን ነክ መድኃኒት ለመለየት ይረዳል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥትም ለሠራተኞቹ የምራቅ ምርመራ መመሪያ አውጥቶ ከጥር 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለ።

እንከን ግን አለው። ምራቅ በአብዛኛው የሚናገረው የአንድ ሁለት ቀኑን ብቻ ነው፤ ሽንት ከዚያ ወደ ኋላ ይሄዳል። ታካሚው ሜታዶኑን እንደጠጣ ናሙና ከተወሰደ፣ አፍ ውስጥ የቀረው መድኃኒት ልኩን ያሳስታል። አፉ የደረቀበት ሰው ደግሞ የሚበቃ ምራቅ ላይወጣው ይችላል።

እኛን የሚያሳስበን ግን ከመሣሪያው ይልቅ ከውጤቱ በኋላ ያለው ነው። ሄሮይን ተገኘብህ ተብሎ የሚባረር ታካሚ ወዴት ይሄዳል? ከሕክምናው የወጣ ሰው በሕክምናው ውስጥ ካለው ይልቅ ለሞት የቀረበ መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ሜታዶንን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያስገባው ነፍስ ስለሚያድን ነው። ውጤቱ «መጠኑ አንሶት ይሆን? ምን ገጥሞት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ከዋለ፣ ሽንትም ሆነ ምራቅ ሕክምና ነው። ለማባረሪያ ከዋለ ግን ተረቱ እውነት ይሆናል፤ ሰውየውን የምናምነው ከቀበርነው በኋላ ነው።