የአንድ ዲሽ ሥርጭት በብዙ ክፍሎች፦ የብልሽት ፍተሻ

በአንድ ዲሽ በርካታ ክፍሎች ሲገለገሉ ዋናው የችግር ምንጭ ኤልኤንቢው (ከዲሹ ፊት የሚገጠመው ሲግናል ተቀባይ) የሚከፈልበት መንገድ ነው። ሪሲቨር ቨርቲካል ሞገድ ሲፈልግ 13፣ ሆሪዞንታል ሲፈልግ 18 ቮልት ገደማ ሲግናሉ በሚመጣበት ኬብል ወደ ኤልኤንቢው ይልካል፤ ለላይኛው ባንድ ደግሞ የ22 ኪሎኸርዝ ምልክት ይጨምርበታል። ባለ አንድ መውጫ ኤልኤንቢ በተራ ስፕሊተር ለሁለት ሪሲቨሮች ከተከፈለ ከፍተኛው ቮልቴጅ ያሸንፋል። ሳሎን ቻናል ሲቀየር መኝታ ቤት «ሲግናል የለም» የሚለው ለዚህ ነው፤ ብዙዎች ግን ጣሪያ ወጥተው ደህናውን ዲሽ ያዞራሉ። መፍትሔው ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት መውጫ ኤልኤንቢ፣ ክፍሎቹ ከዚያ ከበዙ መልቲስዊች (ሲግናሉን ለብዙ ሪሲቨሮች የሚያከፋፍል መሣሪያ) ነው። በአንድ ክፍል ብቻ ሲግናል ከጠፋ ሪሲቨሩ ጠፍቶ የኬብሉ ጫፍ ይፈተሻል፤ ከሽቦው መረብ አንዲት ክር የመሃሉን መዳብ ከነካች መስመሩ ሾርት ያደርጋል። በሁሉም ክፍሎች በአንድ ጊዜ ከጠፋ የዲሹ አቅጣጫ፣ ኤልኤንቢው ወይም የመልቲስዊቹ ኃይል ሰጪ ይጠረጠራል።