የገብረስላሴ ረጅሙ መንገድ

እ.ኤ.አ. በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ቼክ ሪፐብሊክ ስትጫወት፣ የቀኝ መስመር ተከላካዩ ማሊያ ላይ «ገብረስላሴ» የሚል ስም ይነበብ ነበር። ቴዎዶር ገብረስላሴ ከኢትዮጵያዊ ሐኪም አባትና ከቼካዊት እናት በ1986 ትሬቢች ከተማ ተወለደ። እህቱ አና ደግሞ የእጅ ኳስ ተጫውታለች።

ሰው የሚያስታውሰው በጀርመኑ ቬርደር ብሬመን ያሳለፋቸውን ዘጠኝ ዓመታት ነው። መነሻው ግን እንደዚያ አላማረም። ከትንሿ ዪህላቫ ክለብ ተነስቶ በ2007 ወደ ፕራጉ ስላቪያ ሲዛወር ደረስኩ ያለ ይመስል ነበር። እዚያ ግን የመሰለፍ ዕድል አጣ። በ23 ዓመቱ ገደማ ወደ ስሎቫን ሊበሬስ ወረደ። መውረድ ከተባለ ነው እንግዲህ፤ የተሠራው እዚያ ነውና። ሳምንት በሳምንት ተሰለፈ። ሰኔ 2011 ጃፓን ውስጥ ከፔሩ ጋር በተደረገው ጨዋታ ለቼክ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ሊበሬስ የሊጉን ዋንጫ አነሳ፤ በዚያው ክረምት ብሬመን ወሰደው።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ዋሊያዎቹ ሱዳንን አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፉ። «ለእኛ ቢሰለፍስ» ማለት ያን ጊዜ ከንቱ ነበር። በአውሮፓ ዋንጫ ስለተጫወተ የፊፋ በር ተዘግቷል። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996ም ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። ስሙን የሰጠው አባቱ ነው፤ በስላቪያ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የቀረውን ወጣት ያነሳው ግን ሊበሬስ ነው።