ጉልበትና ፍጥነት

በፊዚክስ ጉልበት የሚባለው አንድ አካል ሌላውን የሚገፋበት ወይም የሚስብበት ተጽዕኖ ሲሆን፣ ፍጥነት ደግሞ አንድ አካል በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል ርቀት ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚጓዝ የሚገልጽ መጠን ነው። ጉልበት የሚወስነው ፍጥነቱን ራሱን ሳይሆን የፍጥነቱን ለውጥ ነው፤ የሰው ልጅም ይህን ለመረዳት እጅግ ረጅም ጊዜ ወስዶበታል።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል፣ የሚገፋ ነገር የሚንቀሳቀሰው ገፊው እስካለ ድረስ እንደሆነና ፍጥነቱም ከገፊው ብርታት ጋር እንደሚጨምር ያስተምር ነበር። መሬት ለመሬት የሚጎተት ግንድ ጎታቹ ሲለቀው ወዲያው ስለሚቆም፣ ትምህርቱ ዓይን ከሚያየው ጋር ይስማማ ነበርና ለብዙ መቶ ዓመታት ተቀባይነት አግኝቶ መቆየቱ አያስደንቅም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ከነቀፈው በኋላ፣ ጋሊልዮ በተዳፋት ላይ ኳስ እያንከባለለ ባደረገው ምርምር የሚያቆመው ነገር ከሌለ በለጥ ያለ ሜዳ ላይ የሚንከባለል ኳስ ጉዞውን እንደሚቀጥል ተገነዘበ። ግንዱን የሚያቆመው ሰበቃ፣ ማለትም የሚነካኩ ገጾች እርስ በርስ መንሸራተትን የሚቃወሙበት ጉልበት ነው።

አይዛክ ኒውተን በ1687 ባሳተመው ፕሪንሲፒያ ውስጥ ያስቀመጠው ሁለተኛ ሕግ፣ ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ፣ የተጣራ ጉልበት፣ ማለትም በአካሉ ላይ የሚያርፉ ጉልበቶች ሁሉ ድምር፣ ከመጠነ ቁስና ከሽምጠጣ ብዜት ጋር እኩል ነው ይላል፤ ሽምጠጣ ፍጥነት በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን ነው። 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 2,000 ኒውተን የተጣራ ጉልበት ሲያርፍበት ፍጥነቱ በየሰከንዱ 2 ሜትር በሰከንድ ስለሚጨምር፣ ከቆመበት ተነሥቶ በ5 ሰከንድ ውስጥ 10 ሜትር በሰከንድ ይደርሳል። ይኸው መኪና በ5,000 ኒውተን የፍሬን ጉልበት ቢያዝ በ10 ሜትር ርቀት ይቆማል፤ በ20 ሜትር በሰከንድ ሲበር የተያዘ እንደሆነ ግን ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ የማቆሚያ ርቀቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን 40 ሜትር ይፈልጋል። የአሽከርካሪው የምላሽ ጊዜ በዚህ ስሌት ውስጥ ስላልገባ በመንገድ ላይ ርቀቱ ከዚህም ይበልጣል።

ፍጥነት አቅጣጫንም ስለሚያካትት ለውጡ የመጠን ብቻ አይደለም፤ ጉልበት ከእንቅስቃሴው አቅጣጫ ጋር ቀጤ ነክ ሆኖ ሲያርፍ የፍጥነቱን መጠን ሳይነካ አቅጣጫውን ብቻ ይለውጣል።

የተጣራ ጉልበት ዜሮ ሲሆን ፍጥነት እንደማይለወጥ በግልጽ የሚያሳየው የዝናብ ጠብታ ነው። ጠብታው መውረድ ሲጀምር የመሬት ስበት ያፈጥነዋል፤ ይሁንና የአየር ተቃውሞ ከፍጥነቱ ጋር እያደገ ሄዶ ከክብደቱ ጋር ሲተካከል ሽምጠጣው ያበቃል። ትልቅ ጠብታ ከዚያ በኋላ 9 ሜትር በሰከንድ ያህል በሆነ ቋሚ ፍጥነት ይወርዳል፤ አየር ባይኖር ኖሮ ከ2,000 ሜትር ከፍታ የወረደ ጠብታ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ ወደ 200 ሜትር በሰከንድ ይጠጋ ነበር።