ክሊፕለስ
ክሊፕለስ ፔዳል የሚለው ስም በቁሙ ሲተረጎም «መያዣ አልባ» ማለት ሲሆን፣ ግብሩ ግን የብስክሌተኛውን ጫማ ከፔዳሉ ጋር አጽንቶ መያዝ በመሆኑ፣ ለጀማሪው ስምና ግብር የተጣሉ ይመስለዋል። ምሥጢሩ በታሪኩ ይገኛል፤ ቀድሞ እግርን የሚይዘው ከፔዳሉ ፊት የቆመ የብረት ቅንፍና ጠፍር ነበርና፣ የበረዶ ሸርተቴ ጫማ ማሠሪያ በመሥራት የታወቀው የፈረንሳዩ ሉክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ያን የሚያስቀር ፔዳል ባወጣ ጊዜ፣ አዲሱ መሣሪያ በቀረው ነገር ተሰየመ። ብስክሌተኛው በርናር ኢኖም በተከታዩ ዓመት በዚሁ ፔዳል ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ። በእኔ አስተያየት ስሙ አይበቃውም፤ የመሣሪያው ታላቅ ጥበብ፣ ተረከዝ ወደ ውጭ ሲዞር ወዲያው መልቀቁ ነውና። ስለዚህ አዲስ ጀማሪዎች ሆይ፣ የማሠሪያውን ውጥረት አላልታችሁ፣ ግድግዳ ተደግፋችሁ ማሰርና መፍታቱን ሳትለማመዱ ወደ አውራ ጎዳና አትውጡ።