ለእናቶቻችን ዘር ሕግ ያቆሙ ሰው

እህል በረንዳ ገብታ ጤፍ የገዛች ሴት ሁሉ ማኛውን ከሰርገኛው በዓይኗ ትለያለች። ዘግና አይታ፣ በመዳፏ አሽታ ነው ዋጋ የምትከራከረው። ይህን ዕውቀት ከእናቷ ወርሳዋለች፤ እናቷም ከአያቷ። ዕውቀቱም ዘሩም ባለቤት እንዳላቸው በዓለም ጉባኤ ፊት የተከራከሩ፣ በአገራችንም ሕግ እንዲወጣላቸው የደከሙ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበሩ፤ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ይባላሉ። ስማቸውን በዜና የሰማን እንኖራለን፤ ሥራቸው ከእኛ ዘንቢል ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን እምብዛም አልተነገረንም።

ዶክተር ተወልደ ብርሃን በ1932 ዓ.ም. አድዋ አካባቢ ተወለዱ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እ.ኤ.አ. በ1963 ተመረቁ፤ ወደ ብሪታንያ ተሻግረውም እ.ኤ.አ. በ1969 በዌልስ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨረሱ። ተመልሰው በዩኒቨርሲቲው አስተማሩ፣ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኑ፣ ቀጥሎም አራት ኪሎ ያለውን ብሔራዊ ሄርባሪየም መሩ። ሄርባሪየም የደረቁ ዕፅዋት ከነስማቸውና ከነተገኙበት ቦታ ተመዝግበው የሚቀመጡበት ቤት ነው። የአገራችን ዕፅዋት በሙሉ በመጽሐፍ እንዲመዘገቡ የተጀመረው ሥራም እ.ኤ.አ. በ2009 እስኪጠናቀቅ ድረስ ብዙ ዓመታት ፈጅቷል። በዚህ ሥራ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። እንግሊዛዊት የዕፅዋት ምሁር ሲሆኑ፣ ከመጻሕፍቱ አዘጋጆች አንዷ ነበሩ።

ዶክተሩ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የአስመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነው ሠሩ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ስትራቴጂ የሚዘጋጅበትን ጽሕፈት ቤት መሩ፤ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ሲቋቋምም ኃላፊው ሆኑ። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን የፈጀው የሕግና የድርድር ሥራ ነው።

ትልቁ ክርክር የመጣው በዘር ጉዳይ ላይ ነበር። በዚያን ጊዜ የሀብታም አገር ኩባንያዎች ተፈጥሯቸው በቤተ ሙከራ የተለወጠ ሰብሎችን ማምረት ጀምረው ነበር፤ በሕጋችን ቋንቋ «ልውጠ ሕያዋን» ይባላሉ። ዘሩ ወደ ድሃ አገር ሲገባ ማን ይጠየቃል? ነባሩን ዘር ቢበክለውስ? እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 ኮሎምቢያ ውስጥ ካርታኼና ከተማ ላይ በተደረገው ጉባኤ፣ አሜሪካና እህል ወደ ውጭ የሚሸጡ ሌሎች አምስት አገሮች ጠንካራ ሕግ አንፈልግም አሉ። የአፍሪካና የአብዛኞቹ ታዳጊ አገሮች ቃል አቀባይ ሆነው የተከራከሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ነበሩ። ጉባኤው ሳይስማማ ተበተነ። በዓመቱ ግን፣ እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 2000 ሊነጋ ሲል፣ ካናዳ ሞንትሪያል ላይ የካርታኼና ፕሮቶኮል ጸደቀ። በዚህ ስምምነት መሠረት ልውጥ ዘር ከመላኩ በፊት ተቀባዩ አገር አስቀድሞ ሊነገረው፣ መርምሮም እምቢ ሊል ይችላል። እናቶቻችን የማያውቁትን እህል ከዘራቸው ጋር እንደማይቀላቅሉት ሁሉ፣ አገርም እንዲጠነቀቅ መብት አገኘ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚሉት የስዊድኑ ሽልማት ተሰጣቸው። ከእሳቸው ቀደም ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ይህንኑ ሽልማት ያገኙት የአገራችንን የዘር ባንክ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። ሁለቱም የተሸለሙት በገበሬው ዘር ምክንያት መሆኑ የሚያኮራ ነው።

በአገር ውስጥም በእሳቸው የኃላፊነት ዘመን ብዙ አዋጆች ወጡ። ለእኛ ቅርብ የሆነው የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው። በዚህ አዋጅ የማኅበረሰብን ዕውቀት ለመውሰድ የሚፈልግ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ፣ ከጥቅሙም ማካፈል አለበት። ገበሬዎች እርስ በርስ ዘር መለዋወጣቸው ግን እንደ ልማዳቸው ይቀጥላል።

ይህ ሕግ ለምን እንዳስፈለገ የጤፍ ታሪክ ይነግረናል። በ1997 ዓ.ም. አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ውል ተዋውሎ የጤፍ ዘር ወሰደ። ኋላ ግን ከጤፍ ዱቄት ለሚሠሩ ምግቦች አውሮፓ ውስጥ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዘገበ፤ ለአገራችን የደረሰው ጥቅም ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። አንድ የሆላንድ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በዚያች አገር የተመዘገበውን መብት ሰረዘው፤ በጉዳዩ አዲስ የተፈጠረ ነገር አላገኘበትም። ጤፍ ፈጭቶ፣ አቡክቶ፣ ጋግሮ መብላት ለኢትዮጵያ ሴት አዲስ አለመሆኑን እኛ ያለ ዳኛም እናውቀዋለን!

ሆኖም እህቶቼ፣ ሕግ ወረቀት ላይ ስለ ሰፈረ ብቻ አይሠራም። የልውጠ ሕያዋኑ አዋጅ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሎ ላላ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ልውጥ ጥጥ እንዲዘራ ተፈቀደ። ለእኛ ለመርካቶ ሴቶች ደግሞ ቅርቡ ምሳሌ ፌስታል ነው። በእሳቸው ዘመን የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ስስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ግን በርበሬ ተራም ሆነ ቅመም መሸጫው ፌስታል ሳይዝ የዋለ ቀን አልነበረም፤ ክረምት ሲመጣም ቦዩን የሚደፍነው እሱ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፌስታል ማምረትን፣ መሸጥንና መጠቀምን የሚከለክል አዲስ አዋጅ ወጥቷል፤ ቅጣትም አለው። ይህን ካላወቅን ቅጣቱ መጀመሪያ የሚያገኘው ጉልት ላይ የተቀመጠችውን እህታችንን ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችን በዚህ ላይ እንነጋገር እላለሁ። አዋጁን የምታነብልን ከልጆቻችን አንዷ አትጠፋም። ስፌት የምትችሉ አባላት ከልብስ ሰፊዎች ከሚተርፈው ቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢት ሰፍታችሁ ብትሸጡ ለማኅበራችንም ገቢ ይሆናል። ደንበኞቻችንም ዘንቢል ይዘው እንዲመጡ እንንገራቸው፤ እናቶቻችን ያለ ዘንቢል ገበያ ወጥተው አያውቁም ነበር። ምናለሽ ተራ ያሉ እህትና ወንድሞቻችን ጣሳና ብረት ሳይጥሉ መልሰው ሲሠሩ የኖሩት ሕግ አዟቸው አይደለም።

ዶክተር ተወልደ ብርሃን በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ83 ዓመታቸው ዐረፉ። ወይዘሮ ሱ ከእሳቸው ቀድመው ዐርፈዋል። ነፍሳቸውን ይማር። በስማቸው ሐውልት ማቆም ባንችል እንኳ፣ ያቆሙልንን ሕግ ማወቅና መጠቀም እንችላለን።